ለጄቶ እጅ የተሰጠ ቃል

ውድ ጄቶ፣

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤትህ የመጡት ልጆች ዘጠኝ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አንድ ነበሩ። አርብ ቀበርንህ።

ከዋና ከተማችን ከቲራና ሁለት የምክር ቤት አባላት መጥተው ነበር። አንደኛው በቭሎራ የነጻነት ባንዲራችን ሲሰቀል አጠገብህ ቆሞ እንደነበር ተናገረ። አልነበረም፤ አጠገብህ የቆምኩት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ስለነበር አላረምኩትም።

ከቀብር ስንመለስ፣ ከማራሽ ቤት ጋር የቆየ ደም ያለበት ቩክሳን መንገድ ላይ ያዘኝ።

«አያ ኮላ፣ ቃል የሰጠነው ለጄቶ ነው እንጂ ለማራሽ ቤት አይደለም። ጄቶ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ደመኞች ነን።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ቤት ይዋሉ። የማራሽም ልጆች ቤት ቢውሉ ይሻላቸዋል።»

የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ሁለቱ ቤቶች ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ግቢህ የቆሙበትን ቀን አስታወስኩ። «እርስ በርስ ካልተማመናችሁ የእርቁን ቃል ለእኔ ስጡኝ» ብለህ መዳፍህን ዘረጋህ። እኔ እጅጌህን ጎተትኩ።

«ለትምህርት ቤቱ ይስጡት። አንተ ሟች ነህ።»

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ካሁኑ ልትቀብረኝ ነው?» ብለህ ሳቅክ። «ትምህርት ቤት እጅ የለውም። እነዚህ ሰዎች የሚጨብጡት እጅ ይፈልጋሉ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለህ፣ «እስቲ አንተም እጅህን ጨምር፤ ሁለት ዋስ እንሁን» አልከኝ። ጋዜጣው ለነገ መድረስ አለበት አልኩህና ሄድኩ። ጋዜጣው አንድ ቀን መቆየት ይችል ነበር፤ የፈራሁት ሌላ ነው። ቃሉን ያፈረሰ ሰው ቢኖር ዋሱ ደም መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ ዋሱ ሲሞት ደግሞ ግዴታው ለልጁ ያልፋል። አንተ ልጅ አልነበረህም፤ እኔ ግን አንድ ልጅ አለኝ። በማግስቱ እርቁን በፊት ገጽ አወጣሁት፣ በትልልቅ ፊደል። አንተም ነገሩን ዳግመኛ አላነሳህብኝም። ብታነሳብኝ ይሻል ነበር።

ትናንት ሚስትህ ድራኔ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው።

«አርባ ዓመት ጻፍክ። ይሄ እጅህ ከቀለም ሌላ ነገር ነክቶ ያውቃል?»

«ድራኔ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ማንን ላሳድድ?»

«እሱስ ማንን አሳደደ? ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጥይት አልተኮሰም። እጁን ዘርግቶ መቆም ብቻ ነው የቆመው።»

ቁልፉ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ቤቶች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያቆሟቸዋል። «ዋስ አለ ወይ?» ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ሰው ካልቀረበ ደመኝነቱ ይጸናል። ዋስ ብሆን ግዴታው ለእሱ እንደሚያልፍ ለልጄ ነግሬዋለሁ፤ ፈቃዱን ገና አልሰጠኝም። እኔም አልወሰንኩም።

ግን በዚህ ሳምንት ጋዜጣ እንደማይወጣ ለማተሚያ ቤቱ አስታውቄአለሁ።

ኮላ