ስለ ወርቅውሃ ዱካ

ለክቡር አቶ ሐብተ ማርያም
የግንብ ጥላ ሆቴል ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
አራዳ፣ ጎንደር

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎና ለጉልበትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ በአዘቦት ቀን በሆቴልዎ እንግዳ የምቀበል፣ በበዓል ደግሞ በደብራችን ማሕሌት የምቆም ወልደ ገብርኤል ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የጻፍኩት፣ የቢሮዎ በር ለሠራተኛ ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን ቢነግሩንም ቁልፉን ስላልሰጡን ነው።

በጥምቀት ሰሞን ካህናቱ ቆመው ሲያድሩ ተመልክተው፣ ለካ ሰው ወንበር አያስፈልገውም ወደሚል ግኝት በመድረስዎና በማግስቱ የእንግዳ መቀበያውን ወንበሮች በሙሉ በማስነሳትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሊቃውንቱ ያን ሁሉ ዘመን ሲቆሙ ይህ አልተገለጠላቸውም ነበር። ይሁንና ጥቂት ቅሬታዎች አሉን።

አንደኛ፣ ካህናቱ የሚቆሙት መቋሚያ ተደግፈው ነው። እኔም ይህንኑ አስቤ መቋሚያዬን ይዤ ብመጣ፣ እንግዳ ያስደነግጣል ተብሎ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። በዚህም የተነሣ ባለፈው በዓል የቤቴን መወልወያ ገልብጬ ተደግፌ ማሕሌት መቆሜን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ተቀባያችን ወርቅውሃ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከቤቷ ዱካ አምጥታ ከባንኮኒው ጀርባ አረፍ ብትል፣ የሆቴሉን ገጽታ የሚያጎድፍ አቀማመጥ ነው ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ ዳግመኛ ከተቀመጠችም እንደምትሰናበት ነገሯት። ዱካው ላይ ስትቀመጥ ከባንኮኒው በላይ ጨርሶ ስለማትታይ፣ ገጽታውን በምን እንዳጎደፈችው ለማንም ሊገባው አልቻለም። ነፍሰ ጡርን እንዲህ ማባረር በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ክልክል መሆኑን ባስታውስዎ፣ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ተቀምጠው ነው የጻፉት ብለው መለሱልኝ። የዚህን መልስ ጥልቀት እስካሁን እየመረመርነው እንገኛለን።

በቅርቡ አያ አዳሙ የተባሉ ከዛሪማ የመጡ እንግዳ ሒሳብ ሊከፍሉ መጥተው ትክ ብለው አዩዋትና፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍተሽ ነው እንዲህ ያቆሙሽ?» አሏት። ወርቅውሃ ሳቀች። እሳቸው ሲወጡ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ እግሯ ከማበጡ የተነሣ ጫማዋ አልገባ ብሏት ነበር። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ልናገር፤ ተናድጃለሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ቆሜ ስጽፍ ስለደከመኝ ትቼዋለሁ።

የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ወርቅውሃ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ትሥራ፤ ማስጠንቀቂያውም ይነሣላት። ይህ የማይሆን ከሆነ ጉዳዩን ለሚመለከተው ቢሮ ይዘን እንሄዳለን። እዚያ ለባለጉዳይ ወንበር እንዳለም አስቀድመን አረጋግጠናል።

አንዱን እግሬን በሌላው እያሳረፍኩ፣ ከማይቀመጥ አክብሮት ጋር፣
ታዛዥዎ ወልደ ገብርኤል

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ እርስዎ ማሕሌት ሊቆሙ መጥተው ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የተቀመጡበት ከበሮ ቆዳው ተቀዷል። መሪጌታችን አልተቀየሙም፤ ደክሞት የተቀመጠን ሰው ማባረር በእኛ ደብር የተለመደ አይደለም። ወርቅውሃም ይህንኑ ሰምታ አዝናልዎታለች፤ ዱካዋንም በእኔ እጅ ልካልዎታለች። ለሚቀጥለው ማሕሌት ከቅኔ ማሕሌቱ ጥግ ይጠብቅዎታል። ቢደክምዎ ይቀመጡበት፤ ማንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥዎትም።