ሞረድ የነካው ዳዶ

አፍንጮ በር፣ ጥር ማለቂያ

ውድ ሙሄ፣

መነጽርህን አድርገህ አንብበኝ፤ የእጅ ጽሑፌ እንደሆነ አልተሻሻለም። ቁጥርህን ልጅህ ዐፊፋ ሰጥታኛለች። ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዛ አገኘኋትና ሰው ፊት ስሜ ስሜ አሳፈርኳት። ሁለት ጊዜ ልደውልልህ ቁጥሩን ነክቼ መልሼ ዘጋሁት። ታውቀኝ የለ፣ ስልክ ላይ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ አየሩ ሁሉ አውርቼ ዋናውን ሳልናገር ነው የምሰናበተው። በወረቀት ይሻላል አልኩ። ወረቀት ደግሞ ከማተሚያ ቤታችን ትርፍራፊው አይጠፋም።

ደክሞኛል ሙሄ። ዛሬም ያንኑ ሥራ ነው የምሠራው፤ የሰርግ ካርድ፣ የአርባ ቀን መታሰቢያ ካርድ፣ የምርቃት ካርድ ሞተሬ ላይ ከኋላዬ አስሬ ከፒያሳ ሥላሴ፣ ከሥላሴ ስድስት ኪሎ ስመላለስ እውላለሁ። ትከሻዬ ብርድ ሲነካው ያመኛል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ደምቋል፣ ግን ቆም ብዬ «እንዴት ዋልክ» የምለው ሰው የለም። ድሮ ከግቢያችን እስከ ማተሚያ ቤቱ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። አሁን አምስት ደቂቃ ይበቃኛል። ብታምነኝም ባታምነኝም አምስት ደቂቃው ነው ይበልጥ የሚያደክመኝ።

ደግሞ ደስ ብሎኛል። ይኼን ሳልነግርህ ወደ ሌላው ብገባ ያንቀኛል። ቀይዋ ሞተር ዛሬ ጠዋት ከስድስት ኪሎ ቁልቁል እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብላ ወረደች። የመሪዋን ኩሽኔታ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ኮስታራው ትራፊክ ሳይቀር ብቻዬን ስስቅ አይቶኝ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገና በፊት ጀምሮ ሞተሯ ያኔ ከመውደቄ በፊት እንዳደረገችው ራሷን መነቅነቅ ያዘች። ቀስ ብዬ ስነዳት ጨዋ ናት፤ ቁልቁለቱ ላይ አርባ ስትደርስ መሪው እጄ ውስጥ ወባ እንደ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ስይዝማ አይነሳ። ፈራሁ። እዚህ ታክሲ ማቆሚያው ጀርባ ሰልዋ የምትባል መካኒክ አለች፤ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ሂጃቧን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራ የወንዱን ሁሉ ሞተር የምትፈታ። ወስጄ ሳቆምላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

«ማዘር፣ የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

ሁለታችንም አልኳት።

መጀመሪያ የፊቱን ጎማ አየር ለካች፤ ደህና ነው። አሽከረከረችው፤ ቸርኬው አልተጣመመም። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛ ወዘወዘችው፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከሞተሯ ሆድ ሥር እንጨት ደግፋ የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሳችና ሁለቱን የፊት እግሮች ከታች ይዛ ወደ ራሷ ሳበች፣ መልሳ ገፋች። ቀጭ አለ። እኔ ሳልጠየቅ እጄን አንገቷ ላይ፣ መሪው የሚዞርበት ቦታ ላይ አሳረፍኩ። ያ ቀጭታ መዳፌን ነካው። «እታለም፣ እጅሽን እዚህ አድርጊና ጠብቂ» ብለህ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ሰልዋ ገርሟት፣ የመሪው ኩሽኔታ እንደሆነ ማን እንደነገረኝ ጠየቀችኝ። አንድ ወንድሜ አልኩ።

መሪውን ፈታችው። አንገቷን አስሮ የሚይዘውን ትልቁን ዳዶ አውጥታ በጨርቅ ጠረገችና እጇ ላይ አገላበጠችው።

«ይሄን በመሮ የመታው ማነው?»

አንድ ጎሚስታ ነው አልኳት። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

«እሺ፣ ጎሚስታው መታው። በሞረድ ያስተካከለውስ?»

አውራ ጣቴን ይዛ ዳዶው ጠርዝ ላይ አስኬደችው። መሮው የቦጨቀው ሦስት ቦታ አለ። ቡጭቁ ግን አይቧጭርም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ዳዶው መልሶ ደህና እንዲቀመጥ በሞረድ አለስልሶታል። ሰልዋ በኋላ ማን ፈታው አለችኝ። ከአንተ በቀር ማንም አልፈታው ሙሄ። ወድቄ ሞተሯን ከአስፋልት ያነሳሃት አንተ፣ ሠርተህ በሽምግልናው ዋዜማ ግቢ ያስገባሃት አንተ።

እንግዲህ ልናገረው፤ አንተ የምታውቀውን መልሼ ለአንተ።

ያኔ ኩሽኔታውን ቀይረህ ስትጨርስ፣ አዲስ ስለሆነ ቦታውን ሲይዝ ይላላል፣ በሳምንቱ አምጪና ላጥብቀው ብለኸኝ ነበር። በሳምንቱ ረመዳን ገባ። አንተ ደግሞ አንድ ቀን ከእጄ ምንም ተቀብለህ አታውቅም፤ «ጎረቤት አይደለሽ እንዴ» ነው መልስህ። በጾም አፍህ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ዳግመኛ በነፃ ላስለፋህ ነው ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ። እኔም ሁዳዴ ላይ ነበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ጉልበት እንዴት እንደሚከዳ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ በደጄ ስታልፍ «ሞተሯን አምጪ» አልከኝ፤ ሁለት ጊዜ ደህና ናት አልኩህ። መሪው መርገፍገፍ ሲጀምር መንገድ ላይ ያገኘሁት ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ሥራው ጎማ መለጠፍ ነው፣ ለዚያ ዳዶ የሚሆን መፍቻም አልነበረው። መሮውን ደቅኖ በመዶሻ ሦስቴ መታና ሂጂ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ወደቅኩ።

ባለቤቴ ተክላይ ሞተር መንዳቴን ድሮም አይወደው። እኔ እጄን በነጠላ አንጠልጥዬ በተቀመጥኩበት፣ አንተ እዚያው ቆመህ እየሰማህ፣

«ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ይቺ ሞተር ነገ ትሸጣለች። የመካኒኩ ከሆነ እሱ ይጠየቅ» አለ።

ጎሚስታውን አልጠራሁም። ረስቼው ነው እንዳልልህ አልረሳሁትም። «የነካት ሙሄ ነው» አልኩ። ከአፌ የወጣው ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ነው የዋጥኩት። ሦስት ምት ምን ያመጣል ብዬ ራሴን አባበልኩ።

ከዚያ ያ ሽምግልና። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረዮሐንስና ሐጂ አብዱልሰላም መሀል ተቀምጠው፣ ግቢው በሙሉ ዙሪያውን ቆሞ። አጥብቀህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁህ። አንተ መሬት መሬቱን አይተህ፣

«የነካኋት እኔ ነኝ፤ እሷም ወድቃለች። ይቅር ትበለኝ» አልክ።

ጎንበስ ብለህ ጉልበቴን ልትስም ስትል እኔ በደህናው እጄ ትከሻህን ይዤ ይቅር ብያለሁ አልኩህ። እኔ፣ ለአንተ። ሰው እልል አለ። ሐጂ መረቁን።

ሞተሯ አልተሸጠችም። የአንተ ስም ግን ተሸጠ። ሙሄ የሠራውን ሞተር ኑዛዜህን ጽፈህ ንዳው እያለ ሰፈሩ ቀለደ፤ ደንበኛህ እየሳሳ ሄደ። ቀልዱን ስሰማ ሳቅኩ እንጂ አንድ ቀን ዝም በሉ አላልኩም። ከዚያ ሰፈራችን ፈረሰ፤ አንተ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እኔ እዚህ። መፍቻህንና ያቺን ዝገታም ሣጥንህን መኪና ላይ ስትጭን በመስኮት አየሁህ። ውጪ፣ ተሰናበቺው አልኩ ለራሴ። አልወጣሁም።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንተ አታውቅም ብዬ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ሙሄ የዋህ ነው፣ እውነትም አላጠበቅሁ ይሆናል ብሎ ነው እል ነበር። ዳዶው ግን እጅህ ላይ ነበር። የመሮውን ምልክት አይተሃል። በማግስቱ ኪስህ ከትተህ መጥተህ ሽማግሌዎቹ ፊት ብታስቀምጠው አንተ ነፃ፣ እኔ ደግሞ ያለ ሞተር፣ ያለ ሥራ። አንተ በሞረድ አለስልሰህ መለስክልኝ።

ይኼን ሁሉ ለሰልዋ ዘረገፍኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ግራሶውን አስጠጋችልኝና አንድ ነገር ብቻ አለች፤

«እንግዲያው ይሄን አዲሱን ኩሽኔታ እርስዎ ይግጠሙት።»

ገጠምኩት። ስትመራኝ ዋለች። ዳዶው ከጠበቀ መሪው ይደርቃል፣ ከላላ ይርገፈገፋል፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ወደ ጎን መውደቅ አለበት። አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ አሰርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። በሳምንቱ ነይ ስትለኝ ደግሞ ይሉኝታ ሳላበዛ ሄድኩ፤ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። አጥብቄው ነው ዛሬ እንዲያ ቀጥ ብላ የወረደችው።

ለተክላይ ትናንት ነገርኩት፣ ከጎሚስታው ጀምሬ። እራቱን ገፋ አደረገው። ሞተሯን ትሸጣታለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«መጀመሪያ ሙሄ ጋ ሂጂ። የሞተሯን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለ።

ቢሸጣት እንደሚከፋኝ አልደብቅህም። በዚህ ዕድሜዬ በእግሬ ካርድ ሳከፋፍል አይታየኝም። ቢሆንም ይሽጣት፤ የያዝኳት የአንተን ስም ሸጬ ነው።

እሑድ እመጣለሁ። ብቻዬን አይደለም። አቶ ገብረዮሐንስ አያት ሰፈር ገብተዋል፣ ሐጂ አብዱልሰላም ኮልፌ ልጃቸው ጋ ናቸው፤ ሁለቱንም ደውዬ ለምኛለሁ። አቶ ገብረዮሐንስ ያ ጉዳይ በእርቅ ተዘግቷል፣ ምን ታስለፊናለሽ አሉኝ። የተዘጋው በሐሰት ነው ስላቸው ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቁኝ። ሐጂ ግን ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም፤ ስለዚህ ከታች፣ ብሎኩ በር ላይ ነው የምንቀመጠው። አንተ ወርደህ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትወርድም አልቀየምህም፤ መብትህ ነው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ጎሚስታውንም፣ መሮውንም፣ የዋጥኩትንም ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ያኔ ያላጠፋኸውን ይቅርታ ስትጠይቅ ግቢ ሙሉ ሰው ሰምቶሃል፤ የእኔንም ቢያንስ የብሎክህ ሰው ይስማው።

የማለዳ ጎረቤትህ፣
የሺዓለም