መነጽሩን ያወለቀበት ቀን

ጋርላንድ፣ ጥር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? የላኩልሽን ቅባት ለጎረቤት እያደልሽ እንደምትጨርሺው አውቃለሁ፤ እባክሽ ለራስሽም ተቀቢ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። «ሁለታችንም ደህና ነን» ብዬ ግን ዛሬ አልጽፍም።

ባለፈው ደብዳቤሽ የማኑሄ የእጅ ጽሑፍ አሜሪካ ገብቶ አማረ ብለሽ ነበር። እትዬ፣ ጽሑፉ የእኔ ነው። ከመስከረም ወዲህ በልጅሽ ስም የደረሱሽን አራት ደብዳቤዎች እሱ እየነገረኝ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ሳትጨርሺም አትነሺ።

ምን እንደምንሠራ ደጋግመሽ ትጠይቂኝ ነበር። ካሮልተን ያለው ወርክሾፓችን ውስጡ ፈሳሽ የሌለው ባትሪ ለመሥራት ይሞክራል። እንደ ዱቄት የላመ ነገር በእሳት እየቀለጠ በስስ ብረት ላይ ይረጫል፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው። የተረጨው ሽፋን ሲበርድ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይቀርበታል፤ እንደ አዲስ የጭቃ ግድግዳ ልስን ይፈልጋል። የዚህ ልስን ደግሞ ሌዘር የሚባል ጨረር ነው፣ ላይ ላዩን ብቻ አቅልጦ ይደፍነዋል። እሱን የሚሠራው ማኑሄ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ ፈረንጆቹ ሲሞክሩት የሚሰነጠቀው ሽፋን በእሱ እጅ ይጸና ነበር። ጨረሩ አይታይም፣ ድምፅም የለውም፤ ስለዚህ ያለ ልዩ መነጽር ማንም አይጠጋውም። በሩ ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋ ማጥፊያም ነበረው። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ሥራ እየቆመ ሲያስቸግረን እንዳይሠራ በሚጣበቅ ቴፕ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ማኑሄ የፀሐይ መነጽሩን እንዳደረገ አቶ አሻግሬን ሰላም አላቸው። የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ቅር አላላቸውም። እኔ ግን መኪና ውስጥ ከገባን ጀምሮ ቤት እስክንደርስ አልለቀቅኩትም። እናትህ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችህም፣ ዓይንን ሸፍኖ ታላቅ ሰው ሰላም አይባልም አልኩት። ሁለተኛ አይለምደኝም አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እትዬ።

በሦስተኛው ቀን የረጨሁትን ብረት ይዤ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ማኑሄ ብድግ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ጨረሩ አልጠፋም ነበር። ሽፋን ካልያዘው የብረቱ ጠርዝ ነጥሮ ቀኝ ዓይኑን አገኘው። የግራው በልጅነቱ በኩፍኝ እንደደከመ አንቺው ታውቂያለሽ። አልጮኸም። ቀና ብሎ አየኝና፣

«ጋሼ፣ ፊትዎን አጣሁት» አለኝ።

ሐኪሞቹ አይመለስም ብለዋል። ዳር ዳሩን ያያል፣ ብቻውን ይራመዳል፤ መሃሉ ግን ጨለማ ነው። ፊደል አይለይም፣ የሰው ፊትም አይለይም። ፎቶሽ የደረሰን ቀን መስኮቱ ሥር ቆሞ ወደ ጎን ወደ ጎን እያዘነበለ ብዙ ቆየ። ከዚያ እማዬ ምንም አላረጀሽም ብለው ይጻፉልኝ አለኝ፣ ጻፍኩ። ያንን ደብዳቤ ለሰፈሩ ሁሉ እንዳስነበብሽ ስትነግሪኝ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሥራ ቦታ ሲጠይቁት መነጽሩን ያወለቅኩት ራሴ ነኝ አላቸው፤ ስለ ቴፑ ትንፍሽ አላለም። እኔም ዝም አልኩ። ነገ ጠዋት ሄጄ እናገራለሁ፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ከእነሱ በፊት ግን አንቺ መስማት ነበረብሽ። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ በእጁ የላክሽልኝ ወረቀት «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አውጥቼ ለማየት አልደፈርኩም።

ይቅር በይኝ ለማለትም አፌ አልደፈረም። ምን ዓይነት ልጅ እንዳሳደግሽ ብቻ ልንገርሽ። ዛሬም ከሥራ ስመለስ የበሩን ድምፅ ከሰማ ብድግ ይላል። ጥቁር መነጽሩን ያወልቃል፤ በዓይኑ ዳር እስኪያገኘኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። ተው ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ስለዚህ ሰሞኑን ጫማዬን ደጅ አውልቄ፣ ቁልፉን ቀስ አድርጌ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ እገባለሁ።

አምላክ ልብሽንም ጉልበትሽንም ያጽናልሽ፤ ይህንን የምታነቢበትን ቀን ቀላል ያድርግልሽ። መልስሽን ለማኑሄ የማነብለት እኔ ነኝ። ብትረግሚኝም አንድ ቃል ሳልዘል አነብለታለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ