ክሪኩ የሚያፈስ መሆኑን አይቼ ነበር

አብተው፣

ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። መንገድ ላይ ለቆመ የጭነት መኪና ተጠርቼ ውጫሌ ሄጃለሁ።

የመኪና ማንሻውን ክሪክ ሠርቼዋለሁ። የውስጥ ጎሚኒው ተበልቶ ስለነበር ቀየርኩት፤ የራሱን ዘይት ሞልቼ፣ ማውረጃውን ከፍቼ እጀታውን ደጋግሜ በመግፋት አየሩን አስወጣሁ። የፍሬን ዘይት እንዳትጨምርበት፣ ጎሚኒውን ይበላዋል። አሁን ይይዛል፤ ቢሆንም ብረት ሳታስደግፍ ከመኪና ስር እንዳትገባ።

ትናንት በክሪኩ ያነሳኸው ሚኒባስ በድንገት ሲወርድ እግርህን የሳብከው ለጥቂት ነው። አለቃችን ጋሽ መዝገቡ "እግዜር አወጣህ!" ሲሉ የጋራዡ ሰው ሁሉ አቀፈህ። እኔ ብቻ ዳር ቆሜ ቀረሁ። አይተኸኛል።

ክሪኩ ዘይት እንደሚያፈስ ሰኞ ዕለት አይቻለሁ። ልነግርህ ስመጣ ጋሽ መዝገቡ የጋራዡን ቁልፍ በእጅህ ሲያስጨብጡህ ደረስኩ። እኔ እዚያ ጋራዥ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንተ ገና ሁለትህ። ቡሎን መፍታት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። "መኪናው ሰው ፊት ይውረድበትና ይፈር" ብዬ ዝም አልኩ። እግርህ ከስር ይሆናል ብዬ ግን ወላሂ አላሰብኩም።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ ለጋሽ መዝገቡ ነገርኳቸው። "ለእኔ ምን ታወራለህ? ለእሱ ንገረው" አሉኝ። ቤት ገብተን እራት ስንበላ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ።

ቁልፉ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ አልዋሽህም።

አመሻሹ ላይ እመለሳለሁ። በሩን ከውስጥ ዘግተኸው ካገኘሁት ይገባኛል፣ አላንኳኳም።

ሙአዊያ