በሦስት ኮፒ ታትሞ እንዲቀርብ ስለታዘዘው ፕለጊኔ

ለክቡር አቶ በኃይሉ
የክሊኒኮች ድረ ገጽ አስተባባሪ ቢሮ ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ለቢሮዎም የማይነጥፍ የማህተም ቀለም እመኛለሁ።

እንደሚታወቀው ክሊኒኮቻችን ድረ ገጻቸውን የሚያስተዳድሩበት ፕሮግራም በነፃ የሚታደል ነው። ማንም ባለሙያ ፕለጊን የሚባል ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ሠርቶ በጋራ ማከማቻ ቢያስቀምጥ ሌላው አውርዶ ይጠቀምበታል። ቢሮዎም ማከማቻ ከፍቶልን፣ ሪባን ቆርጦ፣ ከዚያ ውጭ ምንም እንዳንጭን በሰርኩላር አሳስቦናል። እኔም በሚያዝያ የቀጠሮ ቀንን ከፈረንጆች ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ፕለጊን ሠርቼ ለማከማቻው ስላስገባሁ፣ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

፩. ፕለጊኑ በኢንተርኔት በመምጣቱ «በአካል አልቀረበም» ተብሎ ተመልሶልኛል። በፍላሽ ይዤ ስቀርብ ደግሞ ኮዱ በሦስት ኮፒ ታትሞ፣ በየገጹ ተፈርሞ፣ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር እንዲመጣ ስለታዘዝኩ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. የመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ ትርፌ መቶ አርባውን ገጽ በጥንቃቄ በስተው በቦክስ ፋይል አኑረውልኛል። ኮምፒውተር ከቦክስ ፋይል ማውረድ አለመቻሉ የእርሳቸው ጥፋት አይደለም።

፫. አንዲት ነጠላ ሰረዝ ባርም ሁሉም እንደገና ታትሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተያይዞ እንዲቀርብ ተነግሮኛል። ሰረዟ እንዲህ ተከብራ አታውቅም።

፬. ከሻንቶ የሚመጡት ታካሚያችን ወ/ሮ አሳየሽ የዓይን ሞራ አለባቸው። ድረ ገጻችን ለ«ጁላይ 12» ቀጠራቸው፤ ጎረቤታቸው ሐምሌ 12 ብሎ አነበበላቸው። ቀኑ ሐምሌ 5 ነበር። በሚኒባስ ሲደርሱ፣ በወር አንዴ ብቻ የሚመጡት የዓይን ሐኪም ከሄዱ ሳምንት ሆኗቸዋል። በሰኔም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ሴትዮዋ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው እኔን ይቅርታ ጠይቀውኝ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። እዚህ ላይ ምስጋና አልመጣልኝም፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

በቢሮዎ ትጋት ዘወትር እየተደመምኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ሐመልማል ባዳቾ
የክሊኒክ ኮምፒውተር ባለሙያ

ማስታወሻ፦ ፕለጊኑን ባለፈው ሳምንት ለማንም ክፍት በሆነ ሌላ ማከማቻ አስቀምጬዋለሁ። ክሊኒካችን ሰርኩላሩን አክብሮ አልጫነውም። የእርስዎ ቢሮ ድረ ገጽ ግን ጭኖታል፤ የስብሰባዎችዎ ቀን አሁን በትክክል እንደሚነበብ ገብቼ አይቻለሁ። ወ/ሮ አሳየሽ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀጥረዋል፤ ወረቀታቸው «ኦገስት 12» ይላል።