የራዲያተሩ ክዳን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የአሰላ ብርድ በዚህ ወር እንደማይምርሽ ስለማውቅ ሐሳቤ አንቺው ዘንድ ነው። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። አርቦዬ በሰላም ገብቼ የስንዴ ኮምባይነሮች መጠገን ጀምሬአለሁ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ወንድምሽ ጋሼ ይስሃቅ ካጠገብሽ ስለማይጠፉ ነው። አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

እማዬ፣ ያ ሳምንት አንጀቴን አሳርሮታል። የአባዬ ፒክአፕ ዳገት ላይ በፈላች ቁጥር ወንድምሽ ለጎረቤቱ ሁሉ "ሞተሩን አቃጠለችው" ሲሉ ከረሙ። ምህንድስና መማሬ እንኳ መሳቂያ ሆነ፤ "ዲግሪ ራዲያተር አይሞላም" አሉኝ በሰው ፊት። ወዳጃቸው ቱሳ መካኒኩም ኮፈኗን ሳይከፍት "የሞተሯ ራስ፣ ቴስታታዋ፣ ተቃጥሏል፤ ሽጧት" ብሎ ፈረደ። ገዢው ቅዳሜ ሊመጣ ነበር። እሷ ከተሸጠች መሣሪያዬን በምን ጭኜ ከእርሻ እርሻ ልዞር? ሥራዬ ሳይጀመር ሊቀር ነበር።

ስለዚህ ራሴ መረመርኳት። ውሃ ይጎድላል፤ ከሥሯ ካርቶን ባነጥፍ ግን ጠብታ የለም። ዘይቷ ውሃ አልገባበትም፣ ጭስ ማውጫዋም ነጭ ጭስ አይተፋም፤ ቴስታታው ቢቃጠል ኖሮ ሁለቱም በታዩ ነበር። ቱቦዎቹ ደረቅ ናቸው፣ ማራገቢያውም ይዞራል። የቀረው የራዲያተሩ ክዳን ነበር። በአውራ ጣቴ ብጫነው ስፕሪንጉ ልፍስፍስ፣ ጎማው የተሰነጠቀ። በእኛ ደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው። እሱ ከላላ ውሃው በእንፋሎት እየሾለከ ያልቃል።

ግን ያ ክዳን የመኪናዋ አልነበረም። አባዬ በአዲስ ቀይሮ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ የጣለው አሮጌው ነበር፤ አንድ ሰው መልሶ ገጥሞታል። "ይህች መኪና ያለ ክዳኗ ዳገት አትወጣም" ይል የነበረውን ከእኔ ሌላ ማን ይሰማው እንደነበር ታስታውሻለሽ።

ደህናውን ፈልጌ አገኘሁትና ገጠምኩት። አርብ ዕለት ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ ዳገቱን ሽቅብ ነዳሁ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናላ!" እኔም "እንግዲያው ይውረዱና ሞተሩን በእጅዎ ይዳስሱት" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ገዢውን አላነሱትም።

ግቢ ስንገባ "ክዳኑን የት አገኘሽው?" ብለው ሲጠይቁኝ "ከመቀመጫው ሥር" አልኩ። አንቺ ደጃፍ ተቀምጠሽ ትፈትዪ ነበር፤ እንዝርትሽ ቆመ። አይዞሽ፣ ክዳኑ ግሪስ ላይ የተጣበቀውን ጥጥ ቀድሜ ለቅሜዋለሁ። ማንም አላየም።

እማዬ፣ ወንድሞቼ እንደወጡ ቀርተው ለበዓል ብቻ እንደሚደውሉልሽ አውቃለሁ። እኔ ግን እንደ እነሱ አይደለሁም። ከመሄድ የሚያስቀረኝ የለም፤ ከመመለስም የሚያስቀረኝ የለም። ክዳኑ ተደብቆበት ከነበረው ከዚያው ሙዳይሽ ጥጥ ጋቢ ፍተዪልኝ። አጨዳው እንዳለቀ ራሴ እየነዳሁ መጥቼ እወስደዋለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሰው አያሳጣው።

ሄዳ የማትቀር ልጅሽ