ከጓዳ እስከ ሞምባሳ

እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ከሚካኤል እንደተመለስኩ በሩን ዘጋሁና ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያመጣሁትን ካርታ ጓዳ ውስጥ ዘረጋሁት። ልጄ ደሳለኝ የሚውለው እዚያ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ እየታፈሰ ስለሆነ ከሰኔ ጀምሮ ደጅ አላስወጣሁትም። ለጎረቤት፣ እብናት አያቱ ዘንድ ነው ብለናል።

ልቡ እንዳይጠፋ ብዬ የጀመርኩት ጨዋታ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ለዕረፍት ኬንያ እንሄዳለን፤ ናይሮቢ ላይ መኪና እንከራያለን፤ ሞምባሳ ባሕሩ ዳር ቤት ይዘን የራሳችንን ምግብ እያበሰልን እንሰነብታለን። ይፋግ ለመድረስ እንኳ ቀበሌውን የይለፍ ወረቀት የምለምን ሰው፣ እኔ! ጨዋታው እኔኑ መልሶ እያደከመኝ ነው።

ዛሬ ግን ባለቤቴ ጥሩነሽም ገባችበት። "ሽሮና በርበሬውን ከዚሁ እይዛለሁ፤ በሰው አገር ቅመም ወጥ አልሠራም" አለች። ትንሿ ልጃችን ሐረግ፣ በመስኮት በኩል ካልተቀመጥኩ ብላ ስትጮህ እናቷ ቶሎ አፏን በእጇ ያዘቻት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤት ከአጥራችን ቀጥሎ ነው።

ደሳለኝ ካርታውን አላየም። ከንግሥ የሚመለሱ እኩዮቹ እየዘፈኑ በደጃችን ሲያልፉ ያዳምጥ ነበር።

"አንተስ የት ነው መቀመጥ የምትፈልገው?" አልኩት።

"እናንተ በመኪናው ሂዱ፣ አባባ" አለኝ በሹክሹክታ። "እኔ በእግሬ እመጣለሁ።"

ሐረግ ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። በዚህ ጊዜ ግን አፏን የያዛት ሰው አልነበረም።